ስም እየቀያየረ የኖረ ክስ

ደብዳቤው ሐሰተኛ ነው፤ በውስጡ የተባለው ግን እውነት ነው። የበርሚንግሃም ትምህርት ቤቶች ነገር በተነሳ ቁጥር በእንግሊዝ ጋዜጦች፣ በፖለቲከኞች ንግግርና በጥናት ተቋማት ጽሑፍ ከአሥር ዓመት በላይ ሲደጋገም የኖረው ፍርድ ይህ ነው። ላይ ላዩን ሲሰሙት ሚዛናዊ ይመስላል። የደብዳቤውን ሐሰተኛነት በማመን ለተከሳሾቹ ጥቂት ያደላል፤ ወዲያው ደግሞ መንግሥት ትክክል ነበር ብሎ ይደመድማል። የእኔ ክርክር ከዚህ ፍርድ ጋር ነው። በምሥራቅ በርሚንግሃም ትምህርት ቤቶች ጥፋት አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ጥፋቱ ግን አክራሪነት ተብሎ በተጠራበት ቀን ትክክለኛ ስሙን አጣ። ስሙን ያጣ ጥፋት በወጉ አይመረመርም፣ በወጉ አይፈረድበትም፣ አይታረምምም። ከ2014 እስከ 2017 የሆነው ይኸው ነው፤ የተጎዱትም ተከሳሾቹ ብቻ አይደሉም።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና ከደብዳቤው እንነሳ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2013 መጨረሻ ላይ ለበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት መሪ ቀንም ፊርማም የሌለው የአራት ገጽ ደብዳቤ ቅጂ ደረሳቸው። አብሮት የመጣው ማስታወሻም ስም የለውም፤ ላኪው ደብዳቤውን የአለቃውን ፋይል ሲያጸዳ እንዳገኘው ይናገራል። ጽሑፉ በርሚንግሃም ያለ አንድ ሴረኛ ብራድፎርድ ላለ ባልደረባው የላከው ሆኖ የተዘጋጀ ነው። «የትሮይ ፈረስ» ያለውን ዘመቻ በአምስት ደረጃ ያስረዳል፦ ሙስሊም ተማሪዎች የሚበዙባቸውንና ውጤታቸው የደከመ ትምህርት ቤቶችን መምረጥ፣ በእምነታቸው ጥብቅ የሆኑ ወላጆችን ማነሳሳት፣ የራስን ሰዎች ወደ ቦርድ ማስገባት፣ ከሠራተኞች መካከል ውስጥ ውስጡን የሚያውኩ ሰዎችን ማግኘት፣ በመጨረሻም ስም የለሽ ደብዳቤ እየበተኑ ርዕሰ መምህሩን ማስነሳት። አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ስም የለሽ ደብዳቤ የሴራ መሣሪያ ነው የሚለው ጽሑፍ ራሱ ስም የለሽ ደብዳቤ ነው። ስሕተትም ነበረበት። የዘመቻው ሰለባ ሆነው ከሥራ ተነሱ ካላቸው ርዕሳነ መምህራን አንዷ ቦታቸውን የለቀቁት ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ነበር። ከጠቀሳቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ በአደርሊ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ፣ በረዳት መምህራን የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ እውነተኛነት ላይ የተነሳ የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር በዚያው ሰሞን ነበር፤ ደብዳቤውም ይህንኑ ጉዳይ ያነሳል። እንዲህ ያለ ወረቀት እጁ የገባ መርማሪ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማን ጻፈው፣ ማንን ለመጥቀም ጻፈው የሚለውን ነበር። መንግሥት ያቋቋማቸው ምርመራዎች ይህን ጥያቄ ወደ ጎን ትተው ቀጠሉ።

ጥያቄው ትንሽ አይደለም። በአገራችን የቀድሞ የሙግት ሥርዓት፣ በበላ ልበልሃ፣ ከሳሽ በአደባባይ ቆሞ፣ ዋስ ጠርቶ፣ ተከሳሹን ፊት ለፊት እያየ ይሟገት ነበር። ከዚህ ተቃራኒ የነበረው የሌባ ሻይ ልማድ ነው፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ተንደርድሮ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ልጁ ለምን በዚያ አቅጣጫ ሮጠ፣ ለምን እዚያ ቤት ወደቀ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። በርሚንግሃም ላይ የተደረገውን ሳስብ የሚመጣብኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ጥቆማ ጥቆማ ነውና በስም የለሽ ወረቀት ተነስቶ ማጣራት መጀመር ነውር የለውም። ነውሩ የጥቆማው ሐሰተኛነት ከታወቀ በኋላም ጥቆማው የነገረንን ታሪክ እንደ ካርታ ይዞ መንገዱን መቀጠል ነው። ሴራ አለ ብሎ የተነሳ መርማሪ ሁለት የቦርድ አባላት መተዋወቃቸው ሴራ ሆኖ ይታየዋል፤ ዘመድ ለመምህርነት መቀጠሩ ሴራ ይሆንበታል፤ ወላጆች በአንድ መስጊድ መስገዳቸውም ሴራ ይሆንበታል። አለም ሮክን በመሰለ፣ አብዛኛው ነዋሪ ከፓኪስታንና ከካሽሚር መጥቶ በሰፈረበት አካባቢ ግን ይህ ሁሉ ጉርብትና፣ ዝምድናና ማኅበር ነው። ዘመድን ያለ ውድድር መቅጠር ጥፋት ነው፤ ስሙም አድልዎ ነው። ወደ ሴራነት የሚለውጠው አስቀድሞ የተነገረው ተረት ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ በክሱ የተመታው ፓርክ ቪው ነው። ፓርክ ቪው በአለም ሮክ የሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ተማሪዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊሞች ናቸው፤ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት ደግሞ የቤተሰባቸው ገቢ ዝቅተኛ በመሆኑ ትምህርት ቤት ምሳ በነጻ የሚያገኙ ነበሩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በ16 ዓመታቸው በሚወስዱት አገር አቀፍ ፈተና አምስት ጥሩ ውጤት ያመጡ ተማሪዎቹ ከመቶ 4 ብቻ ነበሩ። ያን ጊዜ ሚኒስትር አልተቆጣም፤ ጋዜጣም የመጀመሪያ ገጹን አልሰጠውም። ከመቶ የሠራተኛ ልጆች 96ቱ ሲወድቁ አገሪቱ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቆጥራ አለፈችው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ የነበሩት ታሂር አላም የቦርዱ ሊቀ መንበር ሆኑ። እንግሊዝ ውስጥ የትምህርት ቤት ቦርድ ከእኛ ወላጅ መምህር ኅብረት ይልቅ ብዙ ሥልጣን አለው፤ ርዕሰ መምህር ይመርጣል፣ በጀት ይቆጣጠራል፣ የትምህርት ቤቱን አቅጣጫ ይወስናል። አዲሱ ቦርድ ለልጆቹ ሁለት ነገር ተናገረ፦ ማለፍ ትችላላችሁ፣ ለማለፍም እምነታችሁን በር ላይ አውልቃችሁ መግባት የለባችሁም። በ2010ዎቹ መጀመሪያ የማለፊያው መጠን ከ70 በመቶ በላይ ደረሰ። በ2012 የትምህርት ቤቶች ቁጥጥር ተቋም ኦፍስቴድ ትምህርት ቤቱን «እጅግ የላቀ» በሚለው ከፍተኛ ደረጃ መደበው፤ የተቋሙ ኃላፊ ማይክል ዊልሾም ጎብኝተው አመሰገኑት። የትምህርት ሚኒስቴር በበኩሉ ሌሎች ሁለት ትምህርት ቤቶች፣ ናንሰንና ጎልደን ሂሎክ፣ በዚሁ በፓርክ ቪው ባለአደራ ድርጅት ሥር እንዲገቡ አደረገ። ይህን ያስፋፋው የትሮይ ፈረስ አይደለም፤ የመንግሥት ማኅተም ነው።

በመጋቢት 2014 ሰንደይ ታይምስ ደብዳቤውን ለሕዝብ አወጣው። በሳምንታት ውስጥ ኦፍስቴድ ወደ 21 የበርሚንግሃም ትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተሮች ላከ። ሰኔ 9 ቀን ውጤቱ ሲነገር አምስቱ በልዩ ክትትል ሥር እንዲገቡ ተወሰነ፤ ፓርክ ቪው በሁለት ዓመት ውስጥ ከከፍተኛው ደረጃ ወደ ታችኛው ወረደ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በዚያው ሪፖርት ኢንስፔክተሮቹ የማስተማሩን ጥራትና የተማሪዎቹን ውጤት ጥሩ ብለውታል፤ የጣሉት በአመራሩና በተማሪዎች ደኅንነት በኩል ነው። ከደኅንነቱም ዋናው ነጥብ ተማሪዎች ስለ አክራሪነት አደጋ በበቂ አልተማሩም የሚል ነበር። የትምህርት ሚኒስትሩ ማይክል ጎቭ ደግሞ ጉዳዩን እንዲመረምሩ የሾሟቸው የትምህርት ባለሙያ አልነበሩም፤ የለንደን ፖሊስ የፀረ ሽብር ክፍል ኃላፊ የነበሩት ፒተር ክላርክ ናቸው። በርሚንግሃምን የሚጠብቀው የዌስት ሚድላንድስ ፖሊስ አዛዥ ክሪስ ሲምስ ሹመቱን በጣም አሳዛኝ ብለው በይፋ ነቀፉት፤ የሰውየውን የቀድሞ ሥራ አይቶ ሕዝቡ ያልተገባ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል ሲሉ። የፖሊስ አዛዥ፣ ሽብርን የመከላከል ኃላፊነት ያለበት ሰው፣ ይህን አትጨምሩበት ሲል መንግሥት አልሰማም። በሰኔ መጀመሪያ ደግሞ ጎቭና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ አክራሪነትን ችላ ያለው የማን መሥሪያ ቤት ነው በሚል በአደባባይ ተጣሉ፤ ጎቭ ይቅርታ ጠየቁ፣ የሜይ አማካሪም ከሥራቸው ለቀቁ። የሕፃናት ትምህርት ቤት ጉዳይ የሁለት ሚኒስትሮች መጎሻሸሚያ ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ ክርክሬ እምብርት ልግባ። ክሱ በየደረጃው ምን ተብሎ ይጠራ እንደነበር እንከተለው። ሲጀመር ጥርጣሬው በፀረ ሽብር መርማሪ እጅ የሚያስገባ ነበር። ሐምሌ 2014 የክላርክ ሪፖርት ወጣ፤ የሽብርተኝነት፣ የኃይል አክራሪነትም ሆነ ልጆችን ወደዚያ የመመልመል ማስረጃ አላገኘሁም አለ። በዚያው ወር ከተማው ምክር ቤት ኢያን ከርሾ በተባሉ የትምህርት ባለሙያ ያስደረገው ምርመራ ፀረ እንግሊዝ አጀንዳ ወይም የኃይል አክራሪነትን ለማስፋፋት የታሰበ ሴራ እንዳላገኘ ገለጸ። መጋቢት 2015 የእንግሊዝ ፓርላማ የትምህርት ኮሚቴ፣ ሰብሳቢው የገዢው ፓርቲ አባል ግራሃም ስቱዋርት የሆኑት ኮሚቴ፣ ከአንድ የተናጠል ክስተት በቀር የአክራሪነት ማስረጃ አልተገኘም፣ የተቀናጀ ሴራም አልታየም፣ የምርመራዎቹ መደራረብና አለመቀናጀት ራሱ ችግር ነበር ሲል ሪፖርቱን አቀረበ። በተለመደው የፍርድ ሚዛን ክሱ እዚህ ያበቃል። ግን አላበቃም፤ ስሙን ቀየረ። ክላርክ ሽብር አላገኘሁም ባሉበት ሪፖርት ውስጥ የተቀናጀ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ፣ ትዕግሥት የለሽ እስላማዊ መንፈስን የማስረጽ እንቅስቃሴ አግኝቻለሁ አሉ። የአክራሪነት ትርጓሜውም ፕሪቬንት ከተባለው የመንግሥት የሽብር መከላከያ መርሐ ግብር የ2011 ሰነድ የተወሰደ ነው፤ በዚያ ሰነድ አክራሪ ለመባል ቦምብ ማፈንዳትም ሆነ ቦምብ ያፈነዳን ማወደስ አያስፈልግም፣ መሠረታዊ የእንግሊዝ እሴቶች የተባሉትን መቃወም ይበቃል። መምህራኑ በሙያ ሥነ ምግባር ችሎት ሲቆሙ ደግሞ ክሱ ሌላ ስም ይዞ መጣ፦ በትምህርት ቤቱ ሕይወት ላይ ከልክ ያለፈ ሃይማኖታዊ ተጽዕኖ ማሳደር። ከሽብር ተነስቶ ከልክ ያለፈ ተጽዕኖ ላይ የደረሰ ክስ እየጠራ የሄደ ክስ አይደለም። ማስረጃው ባለቀበት ቁጥር ስሙን አውልቆ በሌላ ስም የተመለሰ ነው። መርቻ የሌለው ክስ ደግሞ ክስ አይባልም፤ ተከሳሹ ምን ቢያስረዳ ነጻ የሚወጣበት ደረጃ የለምና።

የሴራው ዋና ማስረጃ ሆኖ የቀረበው አንድ ሰነድ ይህን በጉልህ ያሳያል። በ2007 የብሪታኒያ ሙስሊሞች ምክር ቤት በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩ ሙስሊም ልጆችን ፍላጎት እንዴት ማስተናገድ እንደሚቻል የሚገልጽ መመሪያ አሳትሞ ነበር፤ ከአዘጋጆቹ አንዱ ታሂር አላም ናቸው። ስለ ጸሎት ቦታ፣ ስለ አለባበስ፣ ስለ ጾም ወራት፣ ስለ ስፖርት ልብስ ያትታል። ክላርክ በዚህ መመሪያና በትምህርት ቤቶቹ አሠራር መካከል መመሳሰል አገኙ፤ መመሳሰሉንም እንደ እቅድ ማስረጃ ወሰዱት። መመሳሰሉ እርግጥ ነው። ግን በይፋ ታትሞ ለአገሪቱ ትምህርት ቤቶች የቀረበ ምክር ሥራ ላይ ሲውል እንዴት የምስጢር ዘመቻ ይባላል? ምክሩን መቃወም ይቻላል። ከፊሉን እኔም አልቀበለውም፤ በተለይ ወንድና ሴት ልጆችን በሚለያዩ አሠራሮች ላይ ያለውን አዝማሚያ። ግን ያልተስማማሁበትን ሐሳብ በአደባባይ የጻፈን ሰው ሴረኛ ብዬ ልከሰው አልችልም።

በትምህርት ቤቶቹ የተገኘውን እውነተኛ ጥፋት እንግዲህ በየስሙ እንጥራው። የፓርክ ቪው መምህራን በሚጻጻፉበት የዋትስአፕ ቡድን ግብረ ሰዶማውያንን የሚያዋርዱ፣ በ2013 ለንደን ላይ በአንድ ወታደር ላይ የተፈጸመውን ግድያ የተቀነባበረ ነው የሚሉ መልእክቶች ተገኝተዋል። ይህ አሳፋሪ ነው፤ ለመምህር የማይገባ ነው፤ በሙያ ሥነ ምግባር ሕግ በግልጽ የሚያስጠይቅ ነው። የቦርድ አባላት ከድርሻቸው አልፈው በርዕሳነ መምህራን ሥራ ገብተዋል፤ አንዳንዶቹን አስጨንቀው አስለቅቀዋል። ይህ ሥልጣንን አላግባብ መጠቀም ነው። ከተመረመሩት አንዱ በሆነው በኦልድኖ ትምህርት ቤት በሕዝብ ገንዘብ የታገዘ፣ ለሙስሊም ተማሪዎችና መምህራን ብቻ የሆነ የሳዑዲ ዓረቢያ ጉዞ ተደርጓል። ይህ አድልዎና የገንዘብ አያያዝ ጉድለት ነው። በአንዳንድ ክፍሎች ሴቶች ከወንዶች ተለይተው፣ ከኋላ ተቀምጠዋል የሚል ምስክርነት ቀርቧል፤ እውነት ከሆነ በአገሪቱ የእኩልነት ሕግ የተከለከለ ልዩነት ነው። እያንዳንዱ ጥፋት ሕግ አለው፣ ተቋም አለው፣ ቅጣት አለው። አንዱም የፀረ ሽብር ፖሊስን አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ጥፋት በነጮች ሰፈር፣ ወይም በካቶሊክ ትምህርት ቤት ቢገኝ የአስተዳደር ብልሹነት ተብሎ ይመረመራል እንጂ ለአገር ደኅንነት አይመራም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚህ ይነሳል፦ ፓርክ ቪው የሃይማኖት ትምህርት ቤት አልነበረም፣ ለሁሉም የተከፈተ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር፣ ስለዚህ ሃይማኖት ምን አገባው? ጥያቄው ክብደት አለው፤ ግን የእንግሊዝን ሕግ ሳያውቁ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። እንግሊዝ እንደ ፈረንሳይ ሃይማኖትን ከትምህርት ቤት ያስወጣች አገር አይደለችም። በመንግሥት ገንዘብ ከሚተዳደሩት ትምህርት ቤቶቿ ሲሶ የሚያህሉት የሃይማኖት ናቸው፤ ከእነዚህም የሚበዙት የአንግሊካንና የካቶሊክ ናቸው። የሃይማኖት ያልሆኑትም ቢሆኑ በየቀኑ የጋራ አምልኮ ሥነ ሥርዓት እንዲኖራቸው ሕግ ያዛል፤ የ1988ቱ ሕግ ደግሞ ይህ አምልኮ በአመዛኙ የክርስትና መልክ እንዲኖረው ይደነግጋል። ተማሪዎቻቸው በአብዛኛው የሌላ እምነት ተከታዮች የሆኑ ትምህርት ቤቶች ከአካባቢያቸው የሃይማኖት ትምህርት አማካሪ ጉባኤ ፈቃድ አግኝተው የአምልኮውን መልክ መቀየር ይችላሉ። ፓርክ ቪው ይህን ፈቃድ ጠይቆ አግኝቷል፤ እስላማዊ መልክ ያለው የጋራ ጸሎቱ በሕግ የተሰጠው መብት ነበር። ጸሎት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ ይውጣ የሚል ሰው አከብረዋለሁ፤ ሐሳቡም ይሟገቱለታል። ግን እንዲህ የሚል ሰው ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን መንበር ከካንተርበሪ ይጀምር፤ ከአለም ሮክ አይጀምር።

ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፤ የምስክሮቹ ነገር። ከትምህርት ቤቶቹ ውስጥ ሴት መምህራን፣ ሙስሊም መምህራንም ጭምር፣ ተፈራርተን እንሠራ ነበር፣ ተገለልን፣ ተዋረድን ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል። እነሱን ውሸታሞች ብሎ ክርክርን መርታት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላደርገውም። ማን ይናገር የነበረ ነውና ቃላቸው ሊሰማ ይገባል። የምለው ሌላ ነው፦ እነዚህን ሰዎች የበደላቸው የክሱ ስም ነው። የእነሱ አቤቱታ የሥራ ቦታ በደል ነበር፤ ተሰብስቦ ለሴራ ታሪክ ማዳበሪያ ሆነ። ምስክርነታቸው በምስጢር ተወሰደ፤ ተከሳሾቹ ሊያዩት አልቻሉም። በጥቅምት 2016 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሁለት መምህራን ላይ የተጣለውን ዕድሜ ልክ እገዳ ሰረዘ፤ ለመከላከያ ሊሰጥ የሚገባው ማስረጃ አልተሰጠምና። በግንቦት 2017 ደግሞ ከፓርክ ቪው ባለአደራ ድርጅት ጋር የተያያዙ አምስት ከፍተኛ መምህራን የቆሙበት ዋናው ችሎት ራሱ ክሱን ዘጋው፤ ከሳሹ የመንግሥት አካል ምስክሮች ለክላርክ ምርመራ የሰጡትን ቃል ሳያቀርብ በመቅረቱ ሂደቱን አላግባብ ተጠቅሞበታል ብሎ። ዓመታት የጠበቁት ምስክሮች ፍርድ አላገኙም። ተከሳሾቹም ስማቸውን የሚያጠራ ውሳኔ አላገኙም።

የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነው እንጂ ንጹሕ መሆናቸው አልተረጋገጠም ይባላል፤ ከለንደን የጥናት ተቋማት፣ በተለይ ከፖሊሲ ኤክስቼንጅ፣ በተደጋጋሚ የሚሰማው መከራከሪያ ይህ ነው። ነገር ግን የተደበቀው የቅጽ ቁጥር ወይም የቀጠሮ ቀን አይደለም፤ የምስክሮች ቃል ነው። ተከሳሽ የተመሰከረበትን ካላየ ምኑን ይመልሳል? እርግጥ ነው፣ በመንግሥት ትእዛዝ ታሂር አላም በ2015 ከትምህርት ቤት አስተዳደር ታግደዋል፤ ከመምህራኑም እገዳው የጸናበት አለ። ይህን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም። ግን ሚዛኑን ተመልከቱ፦ አገርን ያናወጠ፣ የፀረ ሽብር መርማሪ የተሾመበት ክስ በአክራሪነት አንድም ሰው ወንጀል ችሎት ፊት ሳያቆም አለፈ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ረቂቅ ነው፦ አክራሪነት ቦምብ ብቻ አይደለም፣ ወደ ቦምብ የሚያደርስ አስተሳሰብም ነው፣ ስለዚህ ከሥሩ መነቀል አለበት። እንዲህ ከሆነ አስተሳሰቡ ምን እንደሆነ ሕግ አውጥታችሁ ንገሩን ማለት ተገቢ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ይህን ሞክሯል። በ2015 እና በ2016 በንግሥቲቱ የፓርላማ መክፈቻ ንግግር የፀረ አክራሪነት ሕግ እንደሚያወጣ ሁለት ጊዜ አስታወቀ፤ ሕጉ አልወጣም። በፍርድ ቤት የሚቆም ትርጓሜ አልተገኘለትም። ለዳኛ ሊተረጎም ያልቻለ ቃል ለበርሚንግሃም መምህራን ግን ተተርጉሞ ተፈጻሚ ሆኖባቸዋል። በዚህ ምክንያት ሥራቸውን ያጡ፣ ስማቸው በጋዜጣ የወጣ፣ ልጆቻቸው በሰፈር የአክራሪ ልጅ የተባሉ ሰዎች አሉ።

የአክራሪነት ስም አንድ ሌላ ነገርም ሸፍኗል፤ የቁጥጥሩን ጉድለት። በ2010 የወጣው የአካዳሚዎች ሕግ ትምህርት ቤቶች ከከተማ ምክር ቤት ሥር ወጥተው በቀጥታ ከሚኒስቴሩ ጋር ውል እንዲገቡ በሩን በሰፊው ከፈተ። የፖሊሲው አባት ማይክል ጎቭ ናቸው። ፓርክ ቪው በ2012 አካዳሚ ሆነ። ከዚያ በኋላ ቦርዱ ሥልጣኑን ሲያልፍ በቅርብ ሆኖ የሚያይ፣ የሚያስቆም አካል አልነበረም፤ ለንደን ያለ ሚኒስቴር በርሚንግሃም ውስጥ የማን ዘመድ እንደተቀጠረ አያይም። ከተማው ምክር ቤትም ቢሆን ቀድሞ ሲደርሱት የነበሩትን የርዕሳነ መምህራን አቤቱታዎች፣ ዘረኛ እንዳይባል ፈርቶ፣ ሳያጣራ አሳልፏቸዋል፤ ከርሾ ራሳቸው ይህን ነቅፈዋል። ትክክለኛው ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ መልሱ ወደ ሚኒስትሩ ጠረጴዛ ይሄድ ነበር። ሴራ ነው ሲባል ግን ሚኒስትሩ ከተጠያቂነት ወደ ዐቃቤ ሕግነት ተሸጋገሩ። በዚህ አጋጣሚ የሚያሳዝነኝ ይህን ያህል ጋዜጠኛ ያለባት አገር ይህን ጥያቄ በጊዜው በበቂ አለመጠየቋ ነው።

ከበርሚንግሃም የወጣው ግን በርሚንግሃም ላይ አልቀረም። በ2014 መጨረሻ ሁሉም የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች መሠረታዊ የእንግሊዝ እሴቶችን እንዲያስተምሩ መመሪያ ወረደላቸው። በሐምሌ 2015 ደግሞ በፀረ ሽብር ሕጉ መሠረት ትምህርት ቤቶች ልጆች ወደ ሽብር እንዳይሳቡ የመከላከል ግዴታ ተጣለባቸው፤ አክራሪነት የሚጠረጠርበትን ልጅ መጠቆምም ከመምህራን የሚጠበቅ ሆነ። በ2015 እና 2016 የትምህርት ዘመን አካባቢ በአንድ ዓመት ብቻ 7,631 ሰዎች ለፕሪቬንት ተጠቁመዋል፤ ሲሶው ገደማ ከትምህርት ተቋማት ነው። ከጠቅላላው ልዩ ድጋፍ ያስፈልገዋል ተብሎ የተያዘው 381 ብቻ ነበር። የቀሩት ከ7,000 በላይ የሚሆኑት ተጠቁመው ይህ ድጋፍ ሳይሰጣቸው የቀሩ ሰዎች ናቸው። በለንደን ሆነ በበርሚንግሃም ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችም፣ ክርስቲያን ሆኑ ሙስሊም፣ ዛሬ በዚህ ሕግ ሥር ናቸው፤ ልጃቸው ክፍል ውስጥ የሚናገረው ቃል፣ ስለ ጾም፣ ስለ ጋብቻ ወይም ስለ አገር ቤት ጦርነት የሚሰጠው አስተያየት፣ የሚሰማው ጆሮ በ2014 የተቀረጸ ነው። ይህን የሚያነቡ ወላጆች የልጃቸው ትምህርት ቤት በዚህ ሕግ ምን እንደሚጠበቅበት፣ ጥቆማ ቢደረግ ማን እንደሚያውቅና ምን መልስ የመስጠት መብት እንዳላቸው በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ እንዲጠይቁ አሳስባለሁ።

ፓርክ ቪው የሚባል ትምህርት ቤት ዛሬ የለም፤ ስሙ ሮክዉድ አካዳሚ ተብሏል። በበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት መሪ ጠረጴዛ ላይ ያ ባለ አራት ገጽ ወረቀት ከደረሰ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። ማን እንደጻፈው የለየ አንድም የመንግሥት ምርመራ የለም፤ በመጻፉም የተጠየቀ ሰው የለም።